ቢጋሩ ከድርሰቱ በኋላ

ተማሪ የድርሰት ቢጋር የሚነድፈው ድርሰቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ የአማርኛ መምህር የለም፤ እሱም በተማሪነቱ ዘመን ያደረገው ይህንኑ ነውና። የትምህርት መጽሐፉ ቅደም ተከተሉን አሳምሮ ያስቀምጠዋል፤ ርእስ ምረጡ፣ ሐሳብ አሰባስቡ፣ ቢጋር ንደፉ፣ ከዚያ ጻፉ። ተማሪው ግን መጀመሪያ ይጽፋል። ጽፎ ሲያበቃ ከየአንቀጹ ራስ ራሱን ዓረፍተ ነገር እየለቀመ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ በሌላ ገጽ ይደረድረዋል። በማግሥቱ ሁለቱን ሉክ አያይዞ ያስረክባል። መምህሩ ጎን ለጎን ቢያያቸው ቅንጣት ልዩነት የላቸውም። «ዕቅዱን በሚገባ ተከትሏል» ይልና አምስት ከአምስት ይሰጣል።

ይህ ሥራ የራሱ ጥበብ አለው። ልምድ ያለው ተማሪ ቢጋሩን በእርሳስ ነው የሚጽፈው፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቢጋር ያስጠረጥራል። አንድ ሁለት ቦታ ሰርዞ፣ ከተሰረዘው ጎን ቀስት አውጥቶ ሌላ ነጥብ ያስገባል፤ ብዙ እንዳሰበበት እንዲታይለት ነው። ወረቀቱን ትንሽ ማሸትም አይከፋም። ከሁሉም የምትራቀቀዋ ተማሪ ደግሞ ድርሰቱ ውስጥ የሌለ አንድ ነጥብ ሆን ብላ ቢጋሩ ላይ ትጨምራለች። መምህሩ በቀይ «ይህን ረሳሽው» ብሎ ይጽፍላታል። ግማሽ ማርክ ትከስራለች፤ ቢጋሩ እውነተኛ መሆኑ ግን በመምህሩ በራሱ እጅ ተመሰከረላት። ለዚህ ሁሉ የሚባክነው ብልሃት ለድርሰቱ ውሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ጥሩ ጽሑፍ ባነበብን ነበር።

ልጆቹን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ስለ ድርሰት ጥያቄ ቢመጣ እንኳ «ከሚከተሉት ውስጥ የአንቀጹ ኃይለ ቃል የትኛው ነው?» ብሎ ነው፤ ተማሪው አንዱን ይመርጣል፣ ያልፋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲደረግ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን አገር ሰምቷል። እንዲህ ባለ ፈተና ዋዜማ፣ የማይጠየቀውን ድርሰት በጥሞና እናስብ የሚል መምህር ቢገኝ ወላጅ ራሱ ኮሚቴ ይዞ ይመጣበታል።

መንዝ ውስጥ፣ መሃል ሜዳ ቤት ተከራይቶ የሚማር የእህት ልጅ አለኝ። ቤተሰቡ ገጠር ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በእግሩ ይወጣል፣ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ ሦስት ሆነው አንድ ባና ለብሰው ያጠናሉ። እንዲህ ባለ ብርድ የሚጻፍ ድርሰት አጭር ይሆናል ብላችሁ እንዳትገምቱ፤ የገጹ ብዛት አስቀድሞ ታዟል። አንድ ጊዜ የተሰጠውን ርእስ አሳየኝ፤ «የትራፊክ መጨናነቅ የሚያስከትላቸው ችግሮች» ይላል። መሃል ሜዳ መንገድ የሚዘጋው በገበያ ቀን ነው፤ የሚዘጋውም በግ ነው። የልጁ ድርሰት ግን «በአሁኑ ወቅት የትራፊክ መጨናነቅ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተባባሰ መጥቷል» ብሎ ይነሣል።

«የት ነው የተባባሰው?» አልኩት።

«መግቢያው ላይ፣ ጋሼ።»

ቢጋሩንም አየሁት። መግቢያ፤ የትራፊክ መጨናነቅ ምንነት። ሐተታ፤ አንደኛ መንስኤዎቹ፣ ሁለተኛ ጉዳቶቹ፣ ሦስተኛ መፍትሔዎቹ። መደምደሚያ፤ «በአጠቃላይ»። ከዚህ ላይ «የትራፊክ መጨናነቅ» የሚለውን አንሥታችሁ «የደን መጨፍጨፍ»ን ብታስገቡበት ይሠራል። «ያለ ዕድሜ ጋብቻ»ን ብታስገቡበትም ይሠራል፤ «የሱስ ጉዳት»ን፣ «የመሬት መሸርሸር»ን ብትተኩበትም አንዲት ቃል ሳይጎድል ይሠራል። በዚህ አንድ ቢጋር ስንቱ ከስድስተኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ ድረስ ተሻግሯል። ከተመረቀ በኋላም አይጥለውም፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲያዘጋጅ «የታዩ ችግሮች»፣ «የተወሰዱ እርምጃዎች»፣ «የወደፊት አቅጣጫ» እያለ ስሙን ብቻ ይለውጠዋል።

ልጁ ድርሰቱን ቅዳሜ ዕለት እቤት አያቱ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። አያቱ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የወጣትነት ዘመናቸውን የጨረሱት በርስት ሙግት ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣

«ለመሆኑ ከሳሹ ማነው?» አሉት።

«ከሳሽ የለም፣ አባባ። ድርሰት እኮ ነው።»

«ተከሳሽስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ከሳሽም ተከሳሽም ከሌለ ይህን ሁሉ ምን አስለፈለፈህ?»

እኔ ከዚህ የተሻለ የድርሰት ሂስ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ፊደል የቆጠሩት ለዳዊት ያህል ነው፤ ቢጋር የሚባል ነገር በስሙም አያውቁት። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነድፉት ኖረዋል።

በመንዝ፣ በማማም በላሎም በጌራም፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ መሬት ርስት ነበር። ርስት እጠይቃለሁ የሚል ሰው ትውልዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት መድረስ አለበት። ዘመዱ ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት፤ ስለዚህ ሙግት አያልቅም። ተሟጋቹ ቆሎውን በስልቻ ቋጥሮ፣ ነጠላውን ደርቦ፣ ዱላውን ተደግፎ ዳኛው ወዳለበት ሲጓዝ መንገዱን ሙሉ ነገሩን በሆዱ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። የምጠይቀው የትኛውን ድርሻ ነው? የምቆጥረው በየትኛዋ አያቴ በኩል ነው? ወሰኑ ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ጅረት ነው? የትኛውን ምስክር ላስቀድም፣ የትኛውን ለመጨረሻ ላቆይ? ባላጋራዬ ተነሥቶ «አያትህ በሕይወት ሳሉ ድርሻቸውን ወስደዋል» ቢለኝስ ምን እመልስለታለሁ? ዳኛ ፊት ቆሞ አንዲት ትውልድ ቢዘል፣ ባላጋራው የነጠላውን ጫፍ የያዘው ያህል እዚያው ላይ ያስቆመዋል። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም፣ አምስት ከአምስት የሚሰጥም የለም። ሰውየው ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ምን ብሎ እንደሚጨርስ ያውቃል።

የአያትየው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። እሳቸው ንግግርን የሚያውቁት አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያን ነገር አልሰጥም ብሎ ሲነሣ ነው። የትራፊክ መጨናነቅ ጥሩ ነው ብሎ የሚሟገት ሰው ዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ መጥፎ ነው ብሎ ሁለት ገጽ መጻፍ ለሳቸው በባዶ ችሎት እንደ መጮህ ነው።

ሙግቱ ዛሬም በየወረዳው አለ፤ አፉ ነው ወደ ወረቀት የዞረው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በተደረደሩት ትንንሽ ቤቶች ማመልከቻ ጸሐፊዎች ተቀምጠዋል። ቀድሞ በታይፕራይተር፣ አሁን በኮምፒዩተር ይጽፋሉ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አጠገብ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ስለ ቢጋር ከአንድ ሴሚስተር የበለጠ ይማራል። አንዲት እናት ይመጣሉ። ነገሩን የሚጀምሩት ከተዳሩበት ቀን ነው፤ ከዚያ የጎረቤት ላም ትገባለች፣ ቀጥሎ የሟች ባላቸው ወንድም፣ ከዚያ በክርስትና ላይ የተሰደቡት ስድብ። ጸሐፊው አያቋርጣቸውም። ሻዩን እየጠጣ ሁሉንም ይሰማል። ሲደክማቸው ጠብቆ፣

«እሺ እትዬ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አሁን ዳኛው ምን ያድርግልኝ ነው የሚሉት?» ይላቸዋል።

ሴትዮዋ ዝም ይላሉ። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቆይተው «የአጥሬን ወሰን ይመልስልኝ» ይላሉ። ጸሐፊው መጀመሪያ የሚጽፋት ያቺን ነው፤ «የምጠይቀው ዳኝነት» በሚለው ሥር፣ ከገጹ ግርጌ። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ለወሰኑ የሚጠቅመው ይገባል፤ ላሟ አጥሩን ጥሳ ከሆነ የገባችው ትገባለች፣ ስድቡ ይቀራል። እናቲቱ ስድቡ በመቅረቱ ቅር ይላቸዋል። ድርሰት የጻፈ ሰው ሁሉ ይህን ቅሬታ ያውቀዋል፤ ከሁሉ የጣፈጠው ነገር ነው ብዙ ጊዜ ከጉዳዩ ውጭ ሆኖ የሚገኘው።

መምህራን የሚያስተምሩት ቢጋር የጎደለችው ይቺ «ምን ያድርግልኝ?» የምትል ጥያቄ ናት። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ የሚለው ክፍፍል የማመልከቻው ቅጽ ነው እንጂ ጉዳዩ አይደለም። ቅጹን ማንም ይሞላል።

የእህቴን ልጅ ድርሰቱን አያቱ ፊት ያነበበ ዕለት ልፈትነው ብዬ ርእሱን ለወጥኩበት። «ጓሳ ለምን ተዘግቶ ይቀመጣል፣ ይታረስ የሚል ሰው መጥቷል፤ መልስ ስጠው» አልኩት። ለማያውቅ ሰው፣ ጓሳ የመንዝ ደጋ ሣር ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበት ሰፊው ተራራም በዚያው ስም ይጠራል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሕዝቡ ወጥቶ ያጭዳል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ሥርዓቱ ከመሬት አዋጁ ጋር አብሮ ፈርሶ ነበር፤ በኋላ የአካባቢው ሰው በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት መልሶ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት፣ የውጭ አገር ሰው ሳይቀር ተሻግሮ የሚመጣበት ቦታ ነው።

ልጁ እርሳስ አላነሣም። መጀመሪያ የጠላቱን ቃል አስቀደመ፤ «መሬት ጠቧል፣ ወጣቱ የሚያርሰው የለውም፣ እሱ እውነት ነው» አለ። ቀጠለና የዚያ ከፍታ ብርድ ገብስ እንኳ በወጉ እንደማያበቅል፣ አንዴ ቢታረስ አፈሩ በሁለት ክረምት ወርዶ ወንዝ እንደሚገባ፣ ምንጩም እንደሚደርቅ አስረዳ። አያቱ ጣልቃ ገቡ፤ «ዛሬ ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። ሣሩ ለማን ነው?» ልጁ ሳያቅማማ፣ «ቤቱ ቆርቆሮ ቢሆን፣ አባባ፣ በሬው የታሰረበት ገመድ ጓሳ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁና ባናቸውን ሰበሰቡ፤ በመንዝ ይህ እንደ መረታት ይቆጠራል። መግቢያ የለ፣ «በአጠቃላይ» የለ፤ ግን ነጥቦቹ አንዱ ሌላውን እየጠሩ መጡ። ይህን ብትጽፈው አልኩት። «ርእሱ ትራፊክ ነው» አለኝ።

ከመጀመር በፊት የሚሉትን የማወቅን ጉዳይ የአብነት ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ጨርሶታል። የቅኔ ተማሪ ጠዋት ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ በቃሉ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ቀስ በቀስ ያድጋል። ሰሙንና ወርቁን ሳይለይ አንዲት ቤት መጀመር አይችልም፤ ቢጀምርም ቅኔውን ለመምህሩ ሊያሰማ ነገራ ሲገባ «ምሥጢሩ ምንድን ነው?» በምትል አንዲት ጥያቄ ያልቅለታል። የተዋበ ቃል እዚያ አያድንም።

እነዚህ ደጋዎች በቢጋር ነገር አንድ ትልቅ ሰውም አላቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ተወላጅ ናቸው። ገና በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ማውጫ አሳትመዋል፤ ከመጻፍ በፊት ያለውን የሚቆጥር ሰው ነበሩ ማለት ነው። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ «ዋዜማ» ወጣች። ርእሷ በማግሥቱ የኢትዮጵያን ነገሥታት የታሪክ በዓል ለማክበር ብሎ ይቀጥላል። ነገሥታቱን በአጭር በአጭሩ ደርድረው፣ ዋናው ታሪክ ይከተላል ብለው ለአንባቢ ቀጠሮ የሰጡባት መጽሐፍ ናት። እኔ የማውቀው በመጽሐፍ መልክ ታትሞ የተሸጠ ቢጋር ይኸው ብቻ ነው። ትልቁ የታሪክ መጽሐፍ ግን የጣሊያን ወረራ ደረሰበትና በሕይወት ሳሉ አንባቢ እጅ ሳይገባ ቀረ። እሳቸውም መስከረም 1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ። የዛሬው ተማሪ ያለቀ ድርሰት ይዞ ቢጋር ሲፈበርክ፣ ኅሩይ እውነተኛውን ቢጋር አስቀድመው ድርሰቱን ጦርነት ወሰደባቸው።

ከኅሩይ ጎን የመንዙን ተወላጅ ደራሲ ከበደ ሚካኤልን አለመጥራት አይቻልም፤ «ታሪክና ምሳሌ»ን በቃሉ ያልወጣ የእሳቸው ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው። እግረ መንገዴን አንድ የሚደንቀኝ ነገር ላንሣ። ኅሩይ ጃፓንን አይተው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤል ደግሞ በተራቸው «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉ። ከጎረቤት ደጋ የወጡ ሁለት ሰዎች ለአገራቸው አንድ ዓይነት ቢጋር ነደፉላት። ድርሰቱን እስካሁን አልጻፈችውም።

ስለ ቢጋር ስናገር እንደ ሕግ ይከበር የምል እንዳይመስላችሁ። የመንዝ ባና ሸማኔ ድሩን አንዴ ከወጠረ ስፋቱን መለወጥ አይችልም፤ ማጉ የሚሄደው በተወጠረው ልክ ነው። ጸሐፊ ግን እንደ ሸማኔ አልታሰረም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደርሶ የሚሟገትለት ነገር ሌላ መሆኑ ቢገለጥለት ድሩን ፈትቶ እንደገና ይወጥራል፤ መፍታቱም የሥራው ክፍል ነው። ከቢጋሩ ጋር አንድ ለአንድ የሚገጥም ድርሰት ሳይ እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። ወይ ቢጋሩ ኋላ የመጣ ነው፣ ወይ ልጁ ሲጽፍ ምንም አላሰበም። ሁለቱም አምስት ከአምስት አያሰጡም።

አሁን ደግሞ ስልኩ አለ። ቻትጂፒቲን ስለ ፈለጋችሁት ነገር ቢጋር አውጣልኝ ብትሉት፣ ኔትወርኩ እሺ ካለ፣ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ መግቢያ፣ መንስኤ፣ ጉዳት፣ መፍትሔ፣ መደምደሚያ ብሎ ይደረድርላችኋል። ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል፤ ልጆቻችን ማሰብ ሊያቆሙ ነው ይላል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የስልኩ ቢጋር የእህቴ ልጅ በትራፊክ ላይ ከነደፈው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ልጁ በአንዲት ባና ተጠቅልሎ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ማሽኑን ቀድሞታል።

ስለዚህ በመሃል ሜዳም፣ በሞላሌም፣ በራቤልም፣ በዓለም ከተማም ለምታስተምሩ የአማርኛ መምህራን ልመና አለኝ። ቢጋሩን ሰኞ ተቀበሉ፣ ድርሰቱን ዓርብ። ለቢጋሩ ማርክ አትስጡ፤ ማርክ ከሌለው ተማሪው የሚያስመስልበት ምክንያት የለውም። የክፍሉን ልጆች ተራ በተራ አስነሥታችሁ «ዳኝነት የምትጠይቀው ምንድን ነው? እንቢ የሚልህስ ማነው?» ብቻ በሏቸው፤ መልስ ያጣው ርእሱን ይለውጥ። ዓርብ የመጣው ድርሰት ከሰኞው ቢጋር ቢለይ ቀይ እስክሪብቶ አታንሡ፣ ለምን እንደተለየ ጠይቁት። ርእሱም ልጁ የሚሟገትበት ይሁን፤ የመንዙ ስለ ጓሳ፣ የመርሐቤቴው ስለ ጀማ ቁልቁለት፣ የግሼው ስለ በልግ ገብስ ይጻፍ። ለጥያቄው አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።